ማሽኑ አይመሰገንም

ቶኒ አዮሚ የሚባለውን እንግሊዛዊ ጊታሪስት በስሙ ባታውቁት እንኳ ታሪኩ በአንዱ አነቃቂ ቪዲዮ ሳያልፍባችሁ አልቀረም። «ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጣቶቹን ቆረጠበት። ሐኪሞች ‹ከእንግዲህ ጊታር የሚባል ነገር እርሳው› አሉት። እሱ ግን እጅ አልሰጠም፤ ሄቪ ሜታልን ፈጠረ።» ከኋላ ለስላሳ ፒያኖ ይንቆረቆራል። በመጨረሻም ጥያቄው ወደ ተመልካቹ ይዞራል፦ «አንተስ ምን ሰበብ አለህ?»

እኔ የዚህን ሰው ሙዚቃ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርኩ ነኝ። ታሪኩ በመሠረቱ ውሸት የለበትም። የሚያንገበግበኝ ተዘልሎ የሚታለፈው ነገር ነው። ማሽኑ ላይ ያስቀመጠው ማን ነበር? ጣቱ ከተቆረጠ በኋላ ቤቱ ድረስ የሄደው ማን ነበር? ጣቱን መልሶ የሠራውስ በምን ነበር? እነዚህ ሲመለሱ ታሪኩ ስለ ጽናት ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ለእኛም ይበልጥ የሚጠቅመን ያኔ ነው። (ከሠራተኛ አዋጁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

*

አዮሚ የተወለደው በ1948 በእንግሊዟ የኢንዱስትሪ ከተማ በርሚንግሃም ነው። ወላጆቹ የጣሊያን ዝርያ ያላቸው፣ አስተን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይዘው የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ለእናትና አባቱ አንድ ልጅ ነው። በልጅነቱ ያማረው ከበሮ ነበር፤ ጫጫታው ለቤቱ ስለከበደ አኮርዲዮን ተገዛለት። ኋላ ወደ ጊታር ዞረ። ግራኝ ስለሆነ ጊታሩን የሚይዘው ከብዙው ሰው በተቃራኒ ነው፤ በግራ እጁ ይመታል፣ በቀኝ እጁ ጣቶች ክሮቹን ይጫናል። ይህን ልብ በሉልኝ። ማሽኑ ያገኘው ቀኝ እጁን ነው።

አስተን ውስጥ ለተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያበቃ ቀጣዩ በር የፋብሪካ በር ነበር። በኋላ ባንዱን አብረውት የመሠረቱት ሦስቱም የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ከብት ማረጃ ቄራ ውስጥ ሠርቷል፤ የመኪና ክላክስ በሚሠራ ፋብሪካም ቀኑን ሙሉ የክላክስ ድምፅ ሲያስተካክል ውሏል። ግጥም ጸሐፊውና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር የሒሳብ ክፍል ጀማሪ ሠራተኛ ነበር። ከበሮ መቺው ደግሞ ቢል ዋርድ ነው።

በ1965፣ አዮሚ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአንድ የላሜራ ፋብሪካ በያጅ ሆኖ ይሠራ ነበር። ከአንድ ባንድ ጋር ወደ አውሮፓ ሄዶ የመጫወት ዕድል ስላገኘ ሥራውን ለመልቀቅ ወስኗል። የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። ለምሳ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ ከሰዓት እንደማይመለስ ነገራቸው። እናቱ ግን የጀመረውን ሥራ በወጉ ጨርሶ እንዲወጣ አዘው መለሱት። የማንኛችንም እናት ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነው።

ያን ዕለት ላሜራውን በማሽን እያዘጋጀ ለብየዳ የሚያቀብለው ሠራተኛ ከሥራ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ አዮሚን አንሥተው እዚያ ማሽን ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በፊት በማሽኑ ሠርቶ አያውቅም። ማሽኑ ቀኝ እጁ ላይ ወረደ። በደመ ነፍስ እጁን ሲስብ የመሐል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ጫፎች እዚያው ቀሩ።

በአነቃቂው ቪዲዮ ይህ ክፍል ሦስት ሰከንድ አይሞላም። «አደጋ ደረሰበት» ተብሎ ይታለፋል። እንደ ዝናብ፣ እንደ መብረቅ፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላል። ነገሩ ግን ያልሠለጠነ ልጅ በቀረ ሰው ቦታ፣ ሥራው እንዳይቆም ሲባል ማሽን ላይ መቀመጡ ነው። ይህ «ዕጣ ፈንታ» ተብሎ አይጠራም። የሥራ አደረጃጀት ጉድለት ነው።

*

ሐኪሞቹ መጫወቱን እንዲረሳው መከሩት። ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ጨለማ ዋጠው። በዚህ ጊዜ የፋብሪካው አለቃ ሊጠይቀው መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም፤ ሸክላ ይዞ ነበር። አዮሚ ሙዚቃ የመስማት ፍላጎት እንደሌለው ነገረው። አለቃው ግን ግድ የለም ስማው አለው። ከሰማው በኋላ ነው ነገሩን የገለጠለት፤ ጊታሩን የሚጫወተው ሰው በሁለት ጣቶች ብቻ ነው የሚጫወተው።

ሰውየው ጃንጎ ራይንሃርት ነበር። ይህ በቤልጂየም የተወለደ የሮማ ጃዝ ጊታሪስት በ1928 የሚኖርበት ጋሪ ተቃጥሎ ግራ እጁ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ አልታዘዙለትም። ዜማውን በቀሩት ሁለት ጣቶች እየተጫወተ ከአውሮፓ ታላላቅ የጃዝ ሙዚቀኞች አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ሰው ይህ አለቃ ነው። ዘፈን አልደረሰም፣ መድረክ አልወጣም። ያደረገው ሦስት ነገር ነው። በእሱ ፋብሪካ የተጎዳን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ አየ። ልጁ ምን እንደሚወድ ያውቅ ነበር። «አይዞህ» ብቻ ብሎ አልተመለሰም፤ የሚጨበጥ ማስረጃ ይዞ ሄደ። የጃንጎ ሸክላ ምክር አልነበረም። ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነበር። ለተጎዳ ሰው «ትችላለህ» ማለትና «ይኸው፣ የቻለ ሰው እነሆ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

*

ቀጥሎ የመጣው የእጅ ሥራ ነው። ብዙ ሰዎች ጊታሩን ገልብጦ በሌላው እጁ እንዲጀምር መከሩት። ለዓመታት የለፋበትን እንደገና ከሀ ለመጀመር ትዕግሥት አጣ። ዕድሜው ከገፋ በኋላ የዛሬ ዕውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ጊታሩን ይገለብጥ እንደነበር ተናግሯል። አነቃቂዎቹ ይህን አይነግሩንም፤ ጀግናው ራሱ «ሌላ መንገድ ነበረኝ» ሲል ለቪዲዮ አይመችም።

የፈሳሽ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ እኛ ላርጎ የምንለው ዓይነት፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወሰደ። አቅልጦ አድበለበለው። በጋለ ብረት ጣቱ የሚገባበት ቀዳዳ አበጀለት። ከጣቱ ልክ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ለሰዓታት ፈገፈገው። ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ጫፉ ላይ ለጠፈ። ቆዳውንም ክሩን እንዲይዝለት እያሸ አለማመደው። በያጅ ነበርና ቁስ ማወቁ ጠቅሞታል። የቀረው ችግር ክሩ ነው። በፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ክሩን በጣቱ ጫፍ አይሰማውም፤ በጣም ከተጫነ ድምፁ ይዛባል፣ ካልተጫነ አይወጣም። የጊዜው የጊታር ክሮች ደግሞ ወፍራም ነበሩ። ስለዚህ ለላይኞቹ ቀጫጭን ክሮች የባንጆ ክር አምጥቶ ገጠመ። ክር አምራቾችን ቀጭን ክር እንዲሠሩ ሲጠይቃቸው የሚገዛው የለም አሉት። ዛሬ ቀጭን ክር በየሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጥ ተራ ዕቃ ነው።

ከዚያም ቅኝቱን ዝቅ ማድረግ መጣ። ክራር የሚጫወት ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። አውታሩን ባላላችሁት ቁጥር ድምፁ ይወፍራል፣ ለጣትም ይለሰልሳል። አዮሚ በ1971 በወጣው «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» በተሰኘው አልበም ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። ክሮቹ ላሉ፣ ጣቱ አረፈ፣ ድምፁም ከበደ። ሙሉ ኮርድ መያዝ ስለሚከብደውም ሁለት ሦስት ክሮችን ብቻ ይዞ ድምፁን የሚያወፍርበትን መንገድ ፈለገ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የሜታል ባንዶች ጤነኛ ጣቶች እያሏቸው ያንኑ ዝቅ ያለ ቅኝት ተከትለዋል።

*

ባንዱ በ1968 ተመሠረተ፤ በ1969 «ብላክ ሳባት» የሚለውን ስም ያዘ። ስሙ የተወሰደው ቦሪስ ካርሎፍ ከተወነበት አስፈሪ ፊልም ነው። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ከገባ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃስ ለምን አይሰማም ብለው ነው የጀመሩት። የመጀመሪያውን አልበም ለንደን ውስጥ በአንድ ቀን ቀርጸው ጨረሱት። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ። የሙዚቃ ሃያሲዎች አብጠለጠሉት፤ ሕዝቡ ግን ገዛው። በዚያው ዓመት የወጣው «ፓራኖይድ» በእንግሊዝ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

«የሰይጣን ሙዚቃ» የሚለው ስም ያኔ ነው የተለጠፈባቸው። እኛም ሀገር ይህን ሙዚቃ ስሰማ ያዩኝ ዘመዶቼ ጸበል እንድሄድ የመከሩበት ጊዜ ነበር፤ አልቀየምኳቸውም፤ ሽፋኑን አይቶ እንዲያ የማይል የለም። ነገር ግን አንገታቸው ላይ ያጠለቁትን መስቀል በፋብሪካ ውስጥ የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው። ግጥሞቹን የሚጽፈው ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ነው። «ዎር ፒግስ» የተሰኘው ዝነኛ ዘፈናቸው ሰይጣን አያወድስም። ጦርነት አውጀው ራሳቸው የማይዘምቱትን፣ የድሀ ልጅ የሚማግዱትን ባለሥልጣናት ይወቅሳል። የተጻፈው በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው። ዛሬ የሚያዳምጠው ሰው የየትኛው ሀገር ዘፈን እንደሆነ ለመጠየቅ ይቸኩላል ብዬ አላምንም።

ዝናው የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ኮኬይን ገባ። ከቀድሞ ሥራ አስኪያጃቸው ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ የ1975ቱን አልበም «ሳቦታዥ» ያሉት በዚያው ምሬት ነው። በ1979 ኦዚ ከባንዱ ተባረረ። ሮኒ ጄምስ ዲዮ ተተክቶ በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል» የተሰኘው ግሩም አልበም ወጣ። ከዚያ በኋላ ዘፋኝ እየመጣ ዘፋኝ እየሄደ ዓመታት አለፉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከባንዱ ሳይለይ የቆየው አዮሚ ብቻ ነው። በ2012 ሊምፎማ የተባለው የካንሰር ዓይነት እንዳለበት ታወቀ፤ ሕክምናውን እየተከታተለ ጊታሩን ቀጠለ። በ2013 የወጣው «13» የተሰኘው አልበም በእንግሊዝም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ። ሰውየው ያኔ 65 ዓመቱ ነበር።

*

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይኸው ነው።

የአክስቴ ልጅ በርና መስኮት በሚሠራ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ላሜራ ሲቆርጥ ሁለት ጣቶቹን አጣ። የተለመደው ሠራተኛ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ተተካ። ልክ እንደ አዮሚ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ቀን የሐኪም ቤት ወጪ ከፈለ፤ ከዚያ ስልኩን ማንሣት አቆመ። ቤተሰቡ «ተመስገን በል፣ እጅህ ተርፏል» አለው። ጓደኞቹ ደግሞ ያንን የአዮሚን ቪዲዮ ላኩለት፤ ፒያኖው ከኋላ የሚንቆረቆረውን።

ልጁ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ያ አለቃ እኛ ቤት መቼ ነው የሚመጣው?»

ቀልድ ይመስላል፤ ሳቅንም። ግን ከዚያ ወዲህ ያን ቪዲዮ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ምክንያቱም የአክስቴ ልጅ ጽናት አልጎደለውም። በቀሩት ጣቶቹ ብሎን ማጥበቅን እንደገና ተለማምዷል፤ እጀታውን በጎማ ጠቅልሎ የራሱን መፍቻ አበጅቷል። ስለ እሱ ቪዲዮ የሚሠራ የለም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑን የሚያሳየው ሰው አልነበረም፤ ከተጎዳም በኋላ በሩን የሚያንኳኳ አልመጣም።

እስቲ እናስበው። በርሚንግሃም ውስጥ በዚያ ዘመን ማሽን ጣቱን የበላበት ወጣት አዮሚ ብቻ ነበር? ሊሆን አይችልም። ሌሎቹ የት አሉ? ስማቸውን የጻፈ የለም። ሄቪ ሜታልን የፈጠረው ጉዳቱ ቢሆን ኖሮ፣ የዓለም ላሜራ ፋብሪካዎች ሁሉ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በሆኑ ነበር። ጉዳቱ ለአዮሚ የሰጠው ሕመምና መደናቀፍ ነው። ከዚያ ያወጣው ደግሞ ከአደጋው በፊት ያካበተው ችሎታ፣ የእጅ ሙያው፣ ወላጆቹ ያኖሩት ጣሪያ፣ የሕክምና አገልግሎቱና አንድ ሸክላ ይዞ የመጣ አለቃ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ ስሙን ባልጠራን ይሆናል።

«ጉዳትህ በረከትህ ነው» የሚለው ስብከት ለሰሚው ለጊዜው ያጽናናል፤ እክድ ዘንድ አልችልም። የበለጠ የሚጠቀምበት ግን የወርክሾፑ ባለቤት ነው። ጉዳት በረከት ከሆነ ካሣ የሚከፈለው ለምንድን ነው? የማሽን መከለያ የሚገዛው ለምንድን ነው? «አንተስ ምን ሰበብ አለህ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ወደ ተጎጂው ብቻ መቀሰሩን አስተውሉ። አንድ ቀን እንኳ ወደ አሠሪው ዞሮ አያውቅም።

የሀገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ከአነቃቂዎቻችን ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሥራው ስላለበት አደጋ በሚገባ እንዲነገረውና የመከላከያ መሣሪያ እንዲሰጠው ያዛል። ችግሩ አዋጁ በየላሜራ ቤቱና በየእንጨት ቤቱ ግድግዳ ላይ አለመሰቀሉ ነው። የቅጥር ውል በቃል በሆነበት ቦታ፣ የተጎዳው ልጅ እዚያ መሥራቱን ለማስመስከር እንኳ ይቸገራል። የአክስቴ ልጅ ክስ መመሥረት እንደሚችል ያወቀው ከወራት በኋላ ነው።

*

አዮሚ ራሱ ከአለቃው ጉብኝት የተማረ ይመስለኛል። በ1988 አርሜኒያን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ በተሠራው ዘፈን ላይ ጊታር ተጫውቷል። ያንን አድርጎ አልረሳቸውም። ከ20 ዓመታት በኋላም ከኢያን ጊላን ጋር ሆኖ፣ አደጋው በመታት በጊዩምሪ ከተማ የሚገኝን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መልሶ ለመገንባት ሌላ ሥራ ሠርቷል። አለቃው ለአንድ ልጅ ያደረገውን እሱ ለአንድ ከተማ ልጆች ማድረጉ ነው።

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ የአስተን ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ መድረክ ተገናኙ። ቦታው ቪላ ፓርክ ስታዲየም ነው፤ ያደጉበት ሰፈር። ኦዚ መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አዮሚ በ77 ዓመቱ እነዚያን ሰው ሠራሽ የጣት ጫፎች አጥልቆ ተጫወተ። ከዝግጅቱ የሚገኘው ገቢ ለፓርኪንሰን ሕመም ምርምር፣ ለበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታልና በጠና ለታመሙ ሕፃናት መንከባከቢያ እንዲውል ታስቦ ነበር። ከ17 ቀናት በኋላ ኦዚ ዐረፈ።

ያንን ኮንሰርት ስመለከት ዓይኔ ያረፈው የአዮሚ ቀኝ እጅ ላይ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ በፕላስቲክና በቆዳ ታግዞ የሠራ እጅ። አደንቀዋለሁ። የሳሙና ጠርሙስ አቅልጦ ጣት ለሠራ ልጅ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ሸክላ ይዞ በሩን ላንኳኳው አለቃም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ እጁ የተጎዳ ዘመድ ሲኖራችሁ ቪዲዮውን ከመላካችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ። ውል እንዳለው ጠይቁ፣ ምስክር ፈልጉለት፣ አዋጁን አንብቡለት፣ የሚወደውን ነገር ይዛችሁ ግቡ። አሠሪ የሆናችሁ ደግሞ የቀረውን ሠራተኛ ለመተካት አዲሱን ልጅ ማሽኑ ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ሰዓት ወስዳችሁ አሳዩት። ሥራው አንድ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

ሰውየውን እናመስግን። ማሽኑ ግን አይመሰገንም።